ያሰርኩት ትከሻ

አባቴ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ማንሳት ያቃተው ማሽላችን እሸት ሊይዝ ሲል ነበር። ከቆቦ ወጣ ብሎ ያለውን ማሳ ከወፍ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ማማው ላይ ቆሞ ወንጭፍ ያሽከረክራል። ወንጭፉ ካልዞረ ግሪሳው በጥቂት ቀን አገዳውን ብቻ ትቶልን ይሄዳል።

መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው ትከሻውን በቅቤ አሽተው፣ «አልወለቀም፣ አብሽር። ጅማቱ ነው የተቆጣው። ይረፍ» አሉት። እኔ ግን አላመንኩም፤ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። እሱም ጅማቱ በሥራ ብዛት መጎዳቱን ነግሮን «እጁን ያሳርፍ» አለ። እስከ መቼ እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስለነበረ አፈርኩና ወጣሁ።

ሁለቱ አንድ ነገር ስላሉ ልቤ ሞላ። ነጠላዬን አጥፌ እጁን ከደረቱ ጋር አሰርኩት። ሲፈታው መልሼ አስራለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እንደ ጥጃ አሰርሽኝ እኮ።»

«ሐኪሙ ነው ያለው፣ አባ።»

ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየን። ስፈታው እጁ ከደረቱ ከፍታ አላልፍ አለ። እኔ ይዤ ባነሳውም ያው ነው።

ወደ ሐኪም ቤቱ ስንመለስ ያየችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። «ማን ነው ያሰረው?» አለች።

«እኔው ነኝ» አለ አባቴ ቀድሞኝ።

«በአንድ እጅዎ?»

እኔ አቀረቀርኩ። ማረፍ ማለት ከባድ ሥራ መተው እንጂ አለመንቀሳቀስ እንዳልሆነ፣ የታሰረ ትከሻ እንደሚደርቅ ነገረችን። በጣቶቹ ግድግዳ ላይ ቀስ እያለ ይውጣ፤ ትንሽ ቢያመው ይቀጥል፣ በጣም ካመመው ያቁም። ትንሹ የት አልቆ በጣም የት እንደሚጀምር ጠየቅኳት።

«እሱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

እሳቸው ግን አይናገሩም። «አመመህ?» ስለው «አይ» ይላል፤ ግንባሩ ግን በላብ ይርሳል። ላስቁመው? ልግፋበት? ማሰሩም ማሳረፍ መስሎኝ ነበር።

ግሪሳው ሲመጣ ማማው ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ወንጭፍ አልችልም፤ ያለኝ ድምፅ ብቻ ነው።

«ጩኺ እንጂ! ወፍን ታፍሪያለሽ እንዴ?» አለ አባቴ ከታች።

ጮህኩ፤ ወፎቹ ተነስተው ማሳው ጥግ ላይ ሰፈሩ። እሱ የማማውን ቋሚ እንጨት ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ያስኬዳል። ከትናንቱ አንድ ስንዝር ያህል አልፏል። ፊቱን ላየው ጎንበስ አልኩ፤ ባርኔጣው ከለለብኝ። እንደገና ጮህኩ።