የሸክላው ባዶ ጎን

«ሁለተኛው ጎን ባዶ የቀረው በአንቺ ነው» አለኝ ሪስቶ ፊት ለፊት፣ መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ። ሪስቶ እዚህ ስዊድን፣ ፊቲያ በሚባለው ሰፈር፣ ከአባቴ ቤት በታች የሚኖር የፊንላንድ ሰው ነው፤ ወደ ሰማንያ እየተጠጋ ነው፣ ነገር ማለስለስ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ ለዚህ ይሆናል ከልጅነቴ ጀምሮ የምንግባባው። ገበያ ማዕከሉ ጋ ከቤቶች ጽሕፈት ቤት ጡረታ የወጡ ሴትዮ አግኝቶ ሲያወሩ የኔን ጉድ ሰምቷል። ለአባቴ እስከ እሑድ ራሴ ካልነገርኩት እሱ እንደሚነግረው አስጠነቀቀኝና ከአባቴ ጋር የቀረጹትን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አደረገው።

መጀመሪያ የሚሰማው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ውሃ ይገባል፣ የማሽኑ ከበሮ ቀስ ብሎ መዞር ይጀምራል፣ የሆነ ብረት መስታወቱን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ ከዚያ የአባቴ ክራር እያጉረመረመ ይመጣል። ድምፁ የሳሙናውን ሽታ ጎትቶ አመጣብኝ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

አባቴ አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ክራር ይጫወት የነበረ ሰው ነው፤ እዚህ ግን የባቡር ፉርጎ ያጸዳ ነበር። የቤታችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ ክራሩን ሲያነሳ ከላይም ከጎንም ይንኳኳብን ነበር። በዚያ ዓመት በረዶው ሲገባ ትቬትስቱጋውን አገኘ። ይህ ምድር ቤት ያለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁጥር ያለበትን ቁልፍ ሰሌዳው ላይ በሚፈልገው ሰዓት ይሰካል፣ በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ ማንም ዝር አይልም። አባቴ እንደዚህ ሕግ የወደደው ነገር አልነበረም፣ በዚህ አገር ሰው የማይነካብህ ነገር ቢኖር ይሄ ቁልፍ ነው ይል ነበር። እሑድ ጠዋት የእኛን ቁልፍ ይሰካል፣ ሪስቶ የሱን ከእኛ ቀጥሎ ይሰካል፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ የነሱ ሆነ ማለት ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እግዚአብሔር ምድር ቤትም ያያል እያለች በደረጃው በኩል ታልፋለች።

ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይዘህ ልብስ ካላጠብክ ነውር ስለሆነ ለወጉ ማሽኑን ይሞሉት ነበር፣ ማሽኑም እየጮኸ ቀረጻው ውስጥ ገባ፣ በመጀመሪያ ተናደዱ፣ በኋላ ያለ እሱ መጫወት አልቻሉም። አባቴ እንዲህ ያለ የማይጠጣና የማያረፍድ ከበሮ መቺ አግኝቶ እንደማያውቅ እየማለ ይናገር ነበር። ሪስቶ የተቆረጠ የጠርሙስ አንገት ጣቱ ላይ አጥልቆ የኤሌክትሪክ ጊታሩን እያንሸራተተ ብሉዝ ይጫወታል፣ አባቴ ክራሩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ እስኪያገሳ ድረስ በባቲ ቅኝት ይመታል፣ አንዱ ሌላው ቅኝቱን እንዲያስተካክል ይጠብቃል፣ ማንም አያስተካክልም። ለብቻቸው ሁለቱም ትክክል ነበሩ፣ አብረው ግን ስህተት ነበሩ፣ ያንን ስህተት ነው የወደዱት።

በረዶው ቀልጦ ፀሐይ ብቅ ማለት ስትጀምር የክፍሉን መስኮት ከፈቱት። መስኮቱ ከመሬት እኩል ስለሆነ አብረውኝ የሚማሩ ልጆች ተንበርክከው ያያሉ። «አባትሽ ከማሽን ጋር ይዘፍናል» አለችኝ አንዷ፣ ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ኮሪደር በሙሉ እንደ ማሽን እየተንቀጠቀጠ ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ አሞኛል እያልኩ ከአልጋ አልወርድም ነበር።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የመጀመሪያው ጎን አለቀ፣ ሐይቁ ዳር ወርደን በትንሽ ማጫወቻ ሰማነው። አባቴ ጫማውን አውልቆ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ቀጭ ቀጭ የሚለው የኔ ጂንስ ቁልፍ መሆኑን እየሳቀ ነገረኝ፣ ስጦታ የሰጠኝ መስሎት ነው። ሱሪውን ከዚያ ቀን በኋላ አልለበስኩትም።

ቅጠሉ ሲረግፍ ከቤቶች ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ፣ ጎረቤቶች ተማረዋል የሚል። ለእናትና አባቴ ደብዳቤ የማነብላቸው፣ ቢሮ የማስተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ፤ የአባቴ ስዊድንኛ ያኔ ከመጥረጊያና ከፈረቃ አያልፍም። ከረባት አስሮ፣ ጠጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ እጄን ይዞ ጽሕፈት ቤቱ ወሰደኝ። ብርማ ፀጉር ያላቸው ሴትዮ ወንበር ሰጡን። «እስከ ገና ብቻ ይፍቀዱልን በያቸው፣ አንድ ጎን ነው የቀረን። ጎረቤቶቹን በየቤታቸው ዞሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ በያቸው» አለኝ አባቴ።

እኔ ግን አባቴ በቃኝ፣ አቆማለሁ ይላል አልኳቸው።

ሴትዮዋ ደንገጥ ብለው አባቴን አዩት፣ ከዚያ ወደኔ ዞረው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ወደ አባቴ ዞሬ «አይቻልም አሉ» አልኩት።

«ፊታቸው እኮ ይስቃል» አለኝ።

«እነሱ ሲከለክሉም ይስቃሉ» አልኩት።

አባቴ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨብጧቸው አመስግኖ ወጣ። ክራሩ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ፣ ሸክላው ባንድ ጎኑ ብቻ ታተመ፣ ልብሳችን በሰዓቱ መታጠብ ጀመረ፣ ኮሪደር ላይ የሚንቀጠቀጥብኝ ሰው ጠፋ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ላድርግ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ሰላም የሚል ሰው ነው፣ ሴትዮዋን መንገድ ላይ ሲያይ ግን አስፋልት ይሻገራል፤ ይሄው እስካሁን ይሻገራል።

አሁን የምኖረው ቮርቢ ጎርድ የሚባል ሰፈር ነው፣ ከአባቴ ሁለት የባቡር ጣቢያ ብቻ ይለየናል። ልብስ ማጠቢያውን የምይዘው በስልኬ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ከማሽን በቀር ድምፅ የለም፣ አንዳንዴ ልብሱ ካለቀም በኋላ እዚያው ቁጭ እላለሁ። ሸክላውን ደግሞ መሀል ከተማ ያሉ ወጣቶች ከአሮጌ ዕቃ መሀል አግኝተውት እንደገና ሊያሳትሙት ነው። ባዶውን ጎን ሲያደንቁ አይጣል ነው፣ እንዲህ ያለ ድፍረት አይተን አናውቅም ይላሉ። አባቴ ድፍረት አይደለም፣ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሴትዮዋ ከልክለውን ነው ብሏቸው፣ እሱን ሽፋኑ ጀርባ ላይ ሊያትሙት ነው። ሪስቶን ያንገበገበው ይሄ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። አባቴ የሽፋኑን ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ ያነብ ነበር። ጃኬቴን ሳላወልቅ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ አፈርኩብህ ነው አልኩት። ጣቱ መስመሩ ላይ ቆመ፣ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

«ያኔ ሴትዮዋ ምን ነበር ያሉት?» አለኝ በመጨረሻ። «ሳታሳጥሪ ንገሪኝ።»

«ማቆም አያስፈልግም፣ ጎረቤት የተማረረው እሑድ ጠዋት ስለሆነ ነው፣ ማክሰኞ ከሰዓት ይሁንና እስከ ገና ያዙት አሉ። ሲያልቅ ለእኔም አንድ ስጡኝ አሉ።»

አባቴ እስክሪብቶ አንስቶ ስለ ሴትዮዋ የተጻፈውን መስመር ሰረዘው፣ ሁለቴ ሰረዘው። በምትኩ የኔን ስም ጻፍ አልኩት፣ አልጻፈም።

«የት ነው የሚኖሩት?»

«ሃሉንዳ። ሪስቶ ቤታቸውን ያውቃል።»

መሳቢያውን ከፍቶ ከተረፉት ሸክላዎች አንዱን አወጣ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ሰጠኝ። «ውሰጂላቸው» አለኝ። «አባቴ እንዲህ አለ እንዳትያቸው። የራስሽን ተናገሪ።»

ሸክላውን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ደረጃውን ወደ ሪስቶ ቤት ወረድኩ።