አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ

የአውሮፕላን ትኬት ትሸጣለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያችው መስኮት ሥር። የፈለጋችሁትን ከተማ ርቀትና የበረራ ሰዓት ብትጠይቋት ኮምፒውተሩን ሳታይ ዱብ ታደርግላችኋለች። ባልደረቦቿ “እትዬ ደቂቃ” የሚል ስም አውጥተውላታል። አትቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይላታል።

ታላቅ ወንድሟ የሚኖርበት ከተማ በአየር አምስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይርቃል። አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ጥሎ፣ ጋራዥ ገብቶ ያሳደጋት እሱ ነው። በደወለ ቁጥር፣ “አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የምትመጪው?” ይላታል።

“ጋሼ ደግሞ! አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ምን አላት? ብድግ ብዬ መምጣት ነው።”

ብድግ ሳትል ስድስት ዓመት አለፈ። ሩቅ ቢሆን ኖሮ ቀን ቆርጣ ትሄድ ነበር፤ ቅርብ መሆኑ አዘናጋት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የወንድሟ ሚስት ደወለች። “ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ለልቡ ቀዶ ጥገና ይገባል። ‘ሳልገባ ልያት፣ የምነግራት አለኝ’ እያለ ነው፤ ዛሬውኑ ነዪ።”

የዚያን ቀን የከሰዓቱ በረራ ላይ ቦታ ነበር፤ በዓይኗ አይታዋለች። ግን ባልደረባዋ ታማ ቀርታለች፣ ወረፋው በር ድረስ ደርሷል። “በነገው የመጀመሪያ በረራ እመጣለሁ” አለች። “አሥራ ሁለት ተኩል ተነስቼ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት እዚያ ነኝ። አያስብ በይው።”

ለደንበኛው ሁሉ “ጭጋግ አለ፣ መንገድ አለ፣ ሰፋ አድርገው ይያዙ” ስትል የምትውል ሴት፣ ለራሷ ሲሆን አየር ላይ ያለውን ብቻ ቆጠረች። ጉድ እኮ ነው!

በማግስቱ ጭጋጉ ሃምሳ ደቂቃ አስቀመጣቸው። ስታርፍ ደግሞ ለወንድሟ የገዛችው ሹራብ ሻንጣው ውስጥ ነበርና ሻንጣ ጥበቃ ቆመች፤ ሩብ ሰዓት። ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ተቆፍሮ የተተወ መንገድ። “በናትህ ትንሽ ፍጠንልኝ” ስትል ሹፌሩ፣ “እትዬ፣ ልብረር እንዴ?” አላት።

ሆስፒታል የደረሰችው ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ነው። አስገብተውታል። ወንድሟ ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣም።

ከቀብር መልስ የወንድሟን ሚስት ለብቻዋ አገኘቻት። “ምን ሊለኝ ነበር?” ስትል ጠየቀቻት።

“እኔ እንጃ፣ እህቴ። ለእኔም አልነገረኝ። ብቻ ሐኪሞቹን ሃያ ደቂቃ አስቆማቸው። እነሱ እየተቆጡ፣ እሱ ‘እህቴ መንገድ ላይ ናት፤ እሷ ሰዓት ተሳስታ አታውቅም፣ አሁን ትደርሳለች’ እያለ ይለምናቸው ነበር።”

እሱ የገባው ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ እሷ የደረሰችው ከሃያ አምስት ላይ። አምስት ደቂቃ! ሻንጣ ስትጠብቅ የቆመችውን ሩብ ሰዓት ግን ለወንድሟ ሚስትም፣ ለማንም፣ እስከ ዛሬ አልተናገረችም።