ፏፏቴ ለማየት የተጻፈ መርዶ

ሐኪሙ ለአባቴ የነገራቸው በአጭሩ ነው። የዓይን ግፊታቸው ብሷል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ብርሃን ላይኖራቸው ይችላል። አባቴ አላለቀሱም። ቤት ደርሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና «እንግዲያው ፏፏቴውን አንድ ጊዜ ልየው» አሉ። ከበንሳ ማዶ፣ ደን ውስጥ፣ መኪና ከሚቆምበት ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ፏፏቴ ነው። ያደጉት እዚያ ነው፤ አንዲት እህታቸውም ያኔ እዚያው ነበሩ።

«እኔ እወስድዎታለሁ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

በዚያ ዘመን ከሐዋሳ ወጥቶ ኬላ ለማለፍ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ ቀን ስሄድ ጸሐፊው ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱ ጸሐፊው አለ፣ ማኅተሙ ግን ሊቀመንበሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ሊቀመንበሩ ሴሚናር ሄዷል። በሦስተኛው ቀን ሰውም ማኅተምም ተገኘ።

«የጉዞው ምክንያት?» አለ ጸሐፊው።

«ፏፏቴ ለማየት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጓድ፣ አብዮቱ በዚህ ሁሉ ጠላት ተከቦ አንቺ ውኃ ሲወርድ ልታዪ?»

የአባቴን ዓይን ነገር አስረዳሁት። ከልቡ አዘነ። «ግን ለሕመም ከሆነ የምጽፈው ወደ ሆስፒታል ነው። ወደ ጫካ ብዬ ልጻፍ? ለቅሶ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው» አለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ደህና ሰው መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

ጊዜ የለኝም። አንድ የቡና ጭነት መኪና ሾፌር ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሊወስደን ቃል ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ ከገባ ያ መንገድ እስከ መስከረም አይሞከርም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት በምሠራበት ቢሮ የጽሕፈት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ፣ አንድ ፊደል ሳልስት፣ «አክስቴ ስላረፉ አባቴን ለቅሶ ለማድረስ» ብዬ ማመልከቻ መታሁ። ማኅተሙ በአምስት ደቂቃ ተረገጠ። ጸሐፊው አብዮቱን ረስቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለኝ።

ለአባቴ ወረቀቱ መገኘቱን ብቻ ነገርኳቸው። «የለሁም በይልኝ» እንኳ አስብለውን የማያውቁ፣ ለውሸት ጨርሶ ያልተፈጠሩ ጴንጤ ናቸው። ብነግራቸው ወረቀቱን ራሳቸው ወስደው ይመልሱት ነበር።

የዘነጋሁት ነገር ጠዋት ይለፍ የሚጽፈው ሰው ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ መሆኑን ነው። መርዶ ደግሞ በእኛ ዘንድ ልጅ ብቻዋን አትናገርም፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ያረዳሉ። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ኬላው ላይ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ በር ሲንኳኳ ስንቃችን ታስሯል፣ አባቴም ኮፍያቸውን አድርገዋል። ሾፌሩ ቀድሞ የመጣ መስሎኝ ከፈትኩ። የዕድሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጸሐፊው ጋቢ ለብሶ ከፊት ቆሟል። አፌን ሳልከፍት አንዱ ሽማግሌ ገባ ብለው «እህትዎ አርፈዋል፣ ይጽናኑ» አሉ። አባቴ በሲዳምኛ እህታቸውን እየጠሩ ጮኹ። ውጭ ድንኳኑ መተከል ጀምሯል። አግዳሚ ወንበር በሰው ትከሻ ይመጣል፤ ጎረቤት እያለቀሰ ይገባል። ይህን ሁሉ ደግ ሰው ከግቢዬ ጠራርጌ ባስወጣው ደስ ባለኝ።

እውነቱን ልናገር? ቀበሌን በሐሰት ማስረጃ አታለልኩ ማለት ነው፤ ከዚህ ባነሰ የታሰረ ሰው አውቃለሁ። የማቅፋቸው መስዬ ጆሯቸው ላይ «አባባ፣ አክስቴ አልሞቱም። ለወረቀቱ ብዬ ዋሽቼ ነው» አልኳቸው።

በዚያ በደከመ ዓይናቸው አዩኝ፣ ዞረው ጸሐፊውን አዩት። «ልጄ ዋሽታ ነው» ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ግን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና ከበፊቱ ይልቅ ጮኸው አለቀሱ።

በአንድ ሰዓት መኪናው ደጃፍ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ድንኳኑን ሲያይ ቆቡን አውልቆ ገባ፣ ጥቂት ተቀመጠ፣ «ያጽናችሁ» ብሎ ሄደ፤ ድንኳን ከተተከለ ለቀስተኛ ጥሎ መንገድ አይወጣም። የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ጥርሴን ነክሼ ንፍሮ አዞርኩ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ድንኳኑ የተነሣ ዕለት እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«ተነሽ» አሉኝ። «ፏፏቴው ይቅር። ግን ሦስት ቀን ሙሉ በቁሟ አለቀስኩላት። እንግዲህ የሞተች ዕለት በምን ዕንባዬ ላልቅስላት?»

ዝናቡም በዚያው ሳምንት ገባ። መስከረም ሲጠባ አንድ ቀን ከሥራ ተመልሼ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደጃፉ ላይ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

«ማን ነው?» አሉኝ።