አገጭ ሥር ያለች ጣት

ኖንግ ቴርዮ፣ ማለትም ጋሽ ቴርዮ፣ የአጎቴ ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮኮናት ዛፍ ላይ እየወጣ ከአበባው የሚንጠባጠበውን ጠጅ ሲያወርድ ኖሯል፤ ዛፍ መውጣት ካቆመ ግን ሁለት ዓመት ሆነው። ለጠየቀው ሁሉ "ወገቤን አሞኝ ነው" ይላል። ውሸቱን ነው። እግሩ ሳያዘው ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ አገጩ ወደ ግራ ይሄዳል። እኛ የካፒዝ ደሴት ሰዎች በሽታውን ሉባግ እንለዋለን። በእናት በኩል ይመጣና ወንዱን በጎልማሳነቱ ይጥለዋል። ሁለቱን ታላላቅ ወንድሞቹን ቀብረናል።

አንዲት ዘዴ ነበረችው። ጣቱን አገጩ ሥር ካስደገፈ አፉ ይረጋለታል። የማያውቁት ሐሳብ የገባው ሰው ይመስላቸዋል።

የሮዴል ቤተሰቦች ልጁን ሉሲታን ለሮዴል ሚስትነት ሊጠይቁ የመጡ ዕለትም እንዲሁ ተቀመጠ፤ አንድ ጣት አገጭ ሥር፣ ሌላው እጅ ጉልበቱን ጭምቅ አድርጎ። ካወቁበት ተነስተው ይሄዳሉ። የሉባግ በሽተኛ የወለዳት ሴት በሽታውን ለወንድ ልጇ ልታወርሰው እንደምትችል በእኛ አገር የማያውቅ የለም።

ጠዋት ሉሲታ "አባዬ፣ እንንገራቸው" ብላው ነበር።

"አፍሽን ዝጊ!" አላት።

ቀጂው እኔ ነበርኩ። እኛ ዘንድ ጠጅ የሚዞረው በአንድ ብርጭቆ ነው፤ ተራው የደረሰ ጨልጦ ይመልሳል። በጥያቄ ቀን አልጠጣም ማለት ደግሞ ልጄን አልሰጥም ማለት ነው። ይህን እንዴት ረሳነው? እኔ ቂል፣ ቴርዮ ከእኔ የባሰ ቂል! ትዝ ያለኝ ብርጭቆውን ሞልቼ ስዘረጋለት ነው።

ቴርዮ አየኝ። አልተንቀሳቀሰም።

"ምነው ኖንግ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ያወረዱትን ጠጅ ዛሬ ፈሩት እንዴ?" አለ የሮዴል አጎት እየሳቀ።

የጉልበቱን እጅ አንስቶ ብርጭቆውን ተቀበለ። እግሩ ወዲያው ተጠመዘዘ፤ የቀርከሃው ወለል ተንቋቋ። ደንግጦ በሌላው እጁ ሊይዘው ሲል አገጩ ሄደ። ጠጁ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ።

የአጎትየው ሳቅ ቀጥ አለ። የሮዴል እናት፣ ናንግ ፔርላ፣ ብድግ አለች። ልትሄድ ነው ብዬ አሰብኩ። እሷ ግን ቴርዮ ፊት ተንበርክካ ጣቷን አገጩ ሥር አስገባች።

"ትንሽ ወደዚህ ያድርጉት ኖንግ። አባቴም የሚረጋለት እዚህ ጋ ነበር።"

የሁላችንም ዓይን ወደ ሮዴል ዞረ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።

"አያቴን ባሕር ነው የበላው አላልሽኝም?" አላት እናቱን።

ፔርላ ጣቷን ከቴርዮ አገጭ አላነሳችም።

ሉሲታ ብርጭቆውን ከአባቷ እጅ፣ ጠርሙሱን ከእኔ ወሰደች። እስከ አፉ ሞልታ ለሮዴል ዘረጋችለት።

"አሁን እኩል ነን። ትጠጣለህ?"

ተቀበላት፣ ጨልጦም መለሰላት። እልል ያለ አልነበረም። ሁላችንም ይጠመዘዝ ይሆን ብለን የምናየው እጁን ነበር፤ ራሱ ሮዴልም ጭምር።