ሁለት ኢንች አልጨምርም

በእኛ ኮሌጅ በየዓመቱ ጥር ላይ አንድ ቅጽ ይታደላል። ስም፣ የመጫወቻ ቦታ፣ ክብደት፣ ቁመት። ቁመት የሚለው ጋ ሲደርስ የቤዝቦል ቡድኑ ልጅ ሁሉ ሁለት ኢንች ይጨምራል። ይህን ውሸት ነው የሚል ሰው ሉዊዚያና ውስጥ አላጋጠመኝም። እሁድ እሁድ ለሕፃናት መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምረው አሰልጣኝ ሃምብሪክ እንኳ ረስቶ እውነተኛ ቁመቱን የጻፈ ልጅ ካገኘ ራሱ ያርምለታል። ቅጹ መጽሔት ሆኖ ይታተምና ለትልልቆቹ ቡድኖች መልማዮች ይሰጣል። ሐምሌ ላይ ቡድኖቹ በሃያ ዙር ተጫዋች ይመርጣሉ፤ ስሙ ያልተጠራ ጓንቱን ሰቅሎ ሥራ ይፈልጋል።

ዌልደን ታርቨር አራተኛ ዓመት ስለነበር ከዚህ ሐምሌ ሌላ ሐምሌ አልነበረውም። በሁለተኛው ቤዝ በኩል ኳስ አያሳልፍም፤ የመምቻውን ዱላ ሲይዝም አይቀለድበትም። አጭር ነው፤ ምን ይደረግ። ባለፈው ዓመት አሰልጣኙ “አምስት ጫማ ከዘጠኝ ኢንች” ብሎ አስጽፎት አንድ መልማይ መጽሔቱን ገለጥ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ “ቀሪህን የት ጥለኸው መጣህ?” አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዌልደንን ያንገበገበው ሳቁ ሳይሆን ባልዋሸው ውሸት መሳቂያ መሆኑ ነበር። ዘንድሮ ታዲያ ቅጹን ለማንም ሳያሳይ ሞላው፤ አምስት ከሰባት።

“በገዛ እጅህ አንገትህን ገመድ ውስጥ ታስገባለህ?” አለ ሃምብሪክ፣ መጽሔቱ ታትሞ ሲያየው።

እናቱ ናዲን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። “ሁለት ኢንች ማንን ገደለ?” አለችው እሷም። “እንደ ሰው ዘጠኝ ብትል ምናለበት!”

“ሰባት ነኝ፣ እማ።”

ሚያዝያ ላይ ስታይፕስ የሚባለው መልማይ መጣ። ሠላሳ ዓመት ሲዋሹት የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ኳስ ሳይወረወር እርሳሱን አውጥቶ ከእያንዳንዱ ቁመት ላይ ሁለት ሁለት ኢንች ቀነሰ። ዌልደን ጋም ሲደርስ ቀና ብሎ አላየም፤ ሰባቱን አምስት አደረገው። የዚያን ቀን ዌልደን ሦስት ጊዜ አጥር ድረስ መታ። ወደ አለቆቹ የሄደው ሪፖርት ግን “እጁ ጎበዝ፤ ቁመቱ አምስት ከአምስት፤ በጣም ያንሳል” የሚል ነበር።

ሃምብሪክ ይህን ሰምቶ ልጁን ቢሮው አስጠራው። “ስማኝ፣ መጽሔቱን እንደገና እናሳትመዋለን። አንተ ዘጠኝ ትላለህ፣ እሱ ሁለት ይቀንሳል፣ ሰባት ትወጣለህ። በቃ!”

“እውነቱን እንዲያውቅ ልዋሽለት ማለት ነው?”

“አዎ!” አለ ሃምብሪክ፤ እየቀለደ አልነበረም።

ዌልደን እምቢ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስታይፕስ ሌሎች ሦስት መልማዮች አስከትሎ ተመለሰ፤ የመጡት ኳስ ወርዋሪያችንን ብራክስተንን ሊያዩ ነው። ዌልደን ከሜዳ ጠባቂው ሜትር ተዋሰ። ሦስት ዓመት አንድ ክፍል አብሮት የኖረው ብራክስተን ሜትሩን አየና ፊቱ ተለወጠ።

“ምን ልታደርግበት ነው?”

“ልለካ።”

“አንተን ለክተው ዝም የሚሉ መሰለህ? ወደ እኔ ነው የሚዞሩት! ስድስት ከሦስት ብዬ ጽፌአለሁ እኮ!”

“እኔ ጻፍ አልኩህ ወይ?”

“ለአንተ ብለህ እኛን ልታስበላን ነው? ይሄ ነው ጓደኝነት?”

ይህች ዌልደንን ወጋችው። ብራክስተንን ይወደዋል፤ ሜትሩን መልሶ ሊሰጥ እጁን ዘርግቶ ነበር። ከዚያ ያቺ በእርሳስ የተጻፈች አምስት ትዝ አለችው። “የአንተ ክንድ ይመሰክርልሃል፤ እኔን ግን ሰውዬው ሳያየኝ ነው የቆረጠኝ” ብሎ ሄደ።

መልማዮቹ ወደተቀመጡበት፣ ከሜዳው መረብ ጀርባ ሄዶ ጫማውን አወለቀና ጀርባውን ለምሰሶው ሰጠ።

“ሚስተር ስታይፕስ፣ ይለኩኝ።”

በተጠባባቂዎቹ መቀመጫ አጠገብ ቆሞ የነበረው ተጫዋች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ቤዝ ተጫዋች ሽንት ቤት ገብቶ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ነው የተገኘው።

“በሠላሳ ዓመቴ በካልሲ የመጣብኝ አንተ ብቻ ነህ” አለ ስታይፕስ፤ ግን ለካው። ዓይኑን አስጠግቶ አነበበ። “አምስት ከስድስት ተኩል።”

መልማዮቹ በሳቅ ፈረሱ። ለካ ግማሽ ኢንች እሱም ጨምሮ ኖሯል! የዌልደን ጆሮ ጋለ። እንደገና ይለኩኝ ማለት ይችል ነበር።

“እንግዲያው እሷን ይጻፉ” አለ። “ከእሷ ላይ ግን እንዳይቀንሱብኝ።”

ስታይፕስ ላጲስ ፈልጎ አምስቷን አጠፋት። ከዚያ እንደተፈራው ወደ ብራክስተን ዞረ፤ ስድስት ከአንድ ሆኖ ተገኘ። ብራክስተን ዌልደንን ለሁለት ሳምንት አኮረፈው። ሐምሌ ላይ በአራተኛው ዙር ሲመረጥ ግን ስለ ቁመቱ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

በምርጫው ሦስተኛ ቀን፣ በአሥራ ዘጠነኛው ዙር፣ የዌልደን ስም ተጠራ፤ የመረጠው የስታይፕስ ቡድን ነበር። ናዲን ወጥ ቤቷ ውስጥ እየጮኸች ዘለለች፤ ልጇን አንገቱን አንቃ ሳመችው። ከዚያ የቡድኑን ገጽ በስልኳ ከፍታ እያነበበች ድንገት ስልኩን ወደ እሱ አዞረችው።

“ዌልደን… አምስት ከዘጠኝ ይልሃል።”

ስታይፕስ እንኳን ደስ አለህ ሊል ሲደውል ዌልደን አመሰገነና፣ “ቁመቴ ተሳስቷል” አለው።

“ቢሮ ነው የሚጽፈው። እንደ ልማዳቸው ነው፤ ተወው።”

“ሳይስተካከል አልፈርምም።”

“ልጄ፣ ኮሌጅ ጨርሰሃል። እኛን እምቢ ካልክ ሌላ የሚፈልግህ የለም። ይገባሃል?”

“ይገባኛል” አለ ዌልደን።

ናዲን ስልኩን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ይቅርታ ልትጠይቅለት መስሎት ፊቱን አዞረ፤ ስልኩን ግን ሰጣት።

“ሚስተር ስታይፕስ፣ እናቱ ነኝ። ስወልደው አራት ፓውንድ አይሞላም ነበር። ያንሳል እየተባልኩ ነው ያሳደግኩት፤ እዚህ የደረሰውም ማንም ጨምሮለት አይደለም። ስድስት ተኩል ብለው ይጻፉና ወረቀቱን ይላኩልን።”

መልሱን ሳትጠብቅ ዘጋችው።