ጣውላዬን ያጠቡት አያቴ

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የነገርኳቸውን ነገር ሳይጠረጥሩ አይቀበሉም ነበር። «በዓይንሽ አይተሻል?» ይሉኛል ሁልጊዜ።

የዶክትሬት ጥናቴ ንቦች በዓይናቸው እንዴት መንገድ እንደሚለዩ ነው። ሙከራውን የጀመርኩት ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ አያቴ ጓሮ ካሉት ቀፎዎች አጠገብ ነው። ሰማያዊና ቢጫ የተቀቡ ሁለት ጣውላዎች አቆምኩና የስኳር ውሃ ከሰማያዊው ሥር ብቻ አስቀምጥ ነበር። ንቦቹ ከለመዱ በኋላ ስኳሩን ባነሳውም፣ የጣውላዎቹን ቦታ ባለዋውጥም ወደ ሰማያዊው መሄድ ጀመሩ። በደስታ ለአማካሪዬ ጻፍኩለት።

አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲው የኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ስመለስ ንቦቹ ግራ ተጋብተው በሁለቱም ጣውላዎች ላይ ያንዣብባሉ። ወዲያው አያቴን ጠረጠርኩ።

«አባባ፣ ጣውላዬን ነክተውታል እንዴ?»

«በአመድ ፈትጌ አጥቤዋለሁ» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። «የሚጠራቸው ቀለሙ ሳይሆን ራሳቸው የተዉት ሽታ ቢሆንስ ብዬ ነው።»

በንዴት አለቀስኩ፤ ግን ልክ ነበሩ። የብዙ ወር ሥራዬን ጥዬ እንደገና ጀመርኩ፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ሁለቱንም ጣውላዎች አጥብ ነበር። ንቦቹ ቀስ በቀስ ቀለሙን ለዩ። ሮጬ ሄጄ ስነግራቸው፣ «ግን በደንብ አጥበሻል?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩልኝ። ባለፈው ሳምንት ውጤቴን ዩኒቨርሲቲ ሳቀርብ አዳራሹ አጨበጨበ፤ አንድም ሰው ጥያቄ አላነሳም። እዚያው ቆሜ የተቀመጡትን አንድ በአንድ እያየሁ የሚጠይቀኝ ሰው ጠበቅኩ። ይህ ሁሉ ሰው ካመነኝ፣ ያላየሁት ነገር ይኖራል ብዬ ፈራሁ።