የሽማግሎቹ ቤት

ከከዚራ ሰፈር ወደ ቀፊራ የተዛወርንበትን ቀን ዛሬም አልረሳውም። ዕቃችንን የጫነው ጋሪ የደቻቱን ወንዝ ሲሻገር ጎማው ደረቁ አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። አባቴ ፈረሱን ይለማመጣል፤ እናቴ ከኋላ ትገፋለች፤ እኔ ደግሞ ወደ ከዚራ ዛፎች ጥላ፣ ወደ ተውነው ቤት ዞሬ አያለሁ። ያንን ቤት አባቴ በምድር ባቡር ደመወዙ ያቆመው ነበር። አሁን በገዛ እጁ ለመንግሥት አስረክቦ ገበያ ዳር ወዳለ አሮጌ ቤት ይወስደናል። ተናድጄ ነበር፤ ጋሪውን ለመግፋት እንኳ እጄን አላነሳሁም።

የቀፊራውን ቤት የሠራችው የአባቴ አክስት ናት። ቅመም ነጋዴ ነበረች፤ ልጅ አልወለደችም። ልትሞት ስትል ቤቱን ወቅፍ፣ የምጽዋት ንብረት፣ አደረገችው፤ አይሸጥ፣ አይወረስ፣ በኪራዩ ግን በየወሩ ማሽላ ተገዝቶ ተራራው ላይ ለተወለደችበት መንደር አረጋውያን ይሂድ አለች። በመንደሩ ወጣት የሚባል ጠፍቷል። ገሚሱ ባቡር ላይ ነው፣ ገሚሱ ጂቡቲ፣ ኋላም ገሚሱ ጦር ሜዳ። የቀሩት ሞፈር መጨበጥ የማይችሉ ናቸው። አክስቲቱ አባቴን ጠባቂ አደረገችውና በማዘጋጃ ቤትም ቤቱ በእሱ ስም እንዲጻፍ አደረገች። ደርግ ይመጣል ብሎ ማን አስቦ!

የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ አባቴ ሳያስበው የሁለት ቤት ጌታ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ይመርጣል፤ ሌላው ይወረሳል። ወቅፍ ነው ቢል የሚሰማው አልነበረም።

«የከዚራውን ብሰጥ የሰጠሁት የራሴን ነው፤ ይሄን ብሰጥ ግን የሰው ሰጠሁ» አለ።

«አንተ ጀነት ስትገባ እኛ አቧራ እንቃም?» አለችው እናቴ። ዕቃውን መጠቅለል የጀመረችው ግን እሷው ናት።

ቤት ማከራየት ስለተከለከለ ተከራዮቹ እኛው ሆንን። አባቴ ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ በኪራዩ ልክ ማሽላውን ይገዛል። ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ ወርደው ይወስዳሉ። ሽማግሌው ሲገቡ አባቴ ከፍራሹ ራስ፣ ከአባወራው ቦታ ይነሳና እሳቸውን ያስቀምጣል፤ ራሱ በሩ ሥር፣ ጫማ የሚወልቅበት ይቀመጣል። ተከራይ ነዋ! እሳቸውም ሻዩን ሳይቀምሱ ቀና ብለው ቆርቆሮውን ያያሉ።

«ኢልማ ኮ፣» ይሉታል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?»

«ትንሽ ያፈሳል፣ አባ። አስጠግነዋለሁ።»

እንግዳ ያየ ጨዋታ ይለዋል። እኛ ግን በውጭ «ቤታችን» እያልን፣ በቤት ውስጥ ሚስማር ስንመታ እንኳ «የሽማግሎቹ ግድግዳ ነው» እየተባልን ኖርን። ቀበሌው ይህን ቢሰማ ቤቱ ይወሰዳል፤ አባቴም ይታሰራል ብለን እንፈራ ነበር። በዚያ ላይ በዚያ ዘመን ወደ ተራራ እህል መላክ ለሽፍታ ስንቅ ማቀበል ሊባል ይችላል። አህያው ደጃችን በቆመ ቁጥር ወጥቼ መንገዱን ግራ ቀኝ አያለሁ።

አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ የቀበሌው ሊቀመንበር መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«ጓድ መምህርት፣ ያ ማሽላ የት ነው የሚሄደው?»

«ለአባቴ ዘመዶች።»

«ዘመድ በየወሩ ይበላል እንዴ?»

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ ዘመድ በየቀኑም ይበላል።»

ሳቀና ለቀቀኝ። እኔ ግን ጥግ ስደርስ የሰው ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሊቀመንበሩ ሰላምታ ሲሰጠኝ እንኳ የሚያስረኝ ይመስለኝ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ የፈራሁት የመጣው ከቀበሌ ሳይሆን ከቤታችን ነው። አባቴ ታሞ አልጋ ላይ ሲውል፣ ጉምሩክ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ጣሪያውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ። ሊያገባ ነበር፤ ቤት የለውም።

«ሕጉ የሚያውቀው እኛን ነው» አለ አንድ ቀን ማድ ቤት ገብቶ። «ሽማግሎቹስ ስንት ቀሩ? ሲያልቁስ ለማን ሊሰጥ ነው?»

እናቴ ከሽንኩርቷ ቀና አላለችም። «እነሱ ሲያልቁ ሌላው ያረጃል።»

«ተይ አቦ፣ በዚህ ዘመን!»

የሚያስጨንቀኝ እውነቱን ማወቄ ነበር። ወንድሜ ቤቱ የኔ ነው ቢል የሚከሰስበት ቦታ የለም። ሽማግሎቹ አቤት ካሉ ቀበሌው ቤቱን ለራሱ ይወስደዋል። የአክስቲቱ ኑዛዜ የቆመው በአባቴ ቃል ላይ ብቻ ነው፤ አባቴ ደግሞ እየሞተ ነው። የሚያቃስተውን አባቴን እያየሁ ስለ ቤት በማሰቤ በራሴ እበሳጫለሁ።

አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ሊደርስ ቀፊራ በሙሉ መጣ። ወንድሜ ከፍራሹ ራስ፣ የአባቴ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩም መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው በምርኩዝ እየተደገፉ፣ ከሁለት አሮጊቶች ጋር በሩ ላይ ደረሱ። ቆሙ። ፍራሹን አዩ፤ ሊቀመንበሩንም አዩ። ከዚያ በሩ ሥር፣ ጫማዎቹ መሃል ለመቀመጥ ጎንበስ አሉ።

እናቴ አንዲት ቃል ብትናገር ሊቀመንበሩ ይሰማል፤ ዝም ካለች ደግሞ ቤቱ ሄደ። ወንድሜን ብቻ ትክ ብላ አየችው። እሱ ምንጣፉን አየ። የለቅሶው ወሬ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ጠፋ። ተነስ፣ እለዋለሁ በሆዴ፣ ተነስ እንጂ!

ተነሳ። ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ አመጣና ከፍራሹ ራስ አስቀመጣቸው። አሮጊቶቹንም ከጎናቸው። ራሱ ሄዶ በሩ ሥር ተቀመጠ።

«ታላቅን ማክበር እንዲህ ነው!» አለ ሊቀመንበሩ ራሱን እየነቀነቀ።

ሽማግሌው ለአባቴ ዱዓ አደረጉ። ሲጨርሱ እንባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉና ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ።

«ኢልማ ኮ፣» አሉት ወንድሜን፣ «ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?»

ወንድሜም ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ።

«ትንሽ ያፈሳል፣ አባ» አለ። «አስጠግነዋለሁ።»